ጄሊፊሹ ባይሆንስ?

ሞት በድንገት ሲመጣ ከዕንባው ጋር ጥያቄም አብሮ ይመጣል። «እንዴት ሆነ? ማን አብሯት ነበር? ለምን ቶሎ ሐኪም ቤት አልወሰዷትም?» ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ይህን ሰምቷል። አዲስ ለቀስተኛ በገባ ቁጥር ነገሩ ከመጀመሪያው ይተረካል፤ ተራኪዋ እናት ብትሆንም አሥር ጊዜ ትናገረዋለች፤ በአሥረኛውም ጊዜ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። እኛ አማኞች ደግሞ ይህን ጥያቄ ቶሎ መዝጋት እንወዳለን። «ጌታ ወደዳት፣ ወሰዳት» እንልና ወደ መዝሙሩ እናልፋለን። ጠያቂው ዝም ይላል፤ ዝም ያለው ግን መልስ አግኝቶ ሳይሆን መጠየቁ ራሱ አሳፍሮት ሊሆን ይችላል።

ውድ አንባቢዎች፣ በዚህ ጽሑፍ አብረን እንድንመረምረው የምፈልገው ይህንን ነው፦ የምንወደው ሰው ሲሞት ምክንያቱን መቆፈር የእምነት ማነስ ነው? ወይስ የፍቅር ሥራ ነው? ወይስ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱንም ሳይሆን ከሌላ ነገር መሸሺያ ነው?

ለምርመራችን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ትረዳናለች። ስሟ ሱዚ ስዋንሰን ነው። የምትኖረው አሜሪካዊቷ አሊ ቤንጃሚን በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው «ዘ ቲንግ አባውት ጄሊፊሽ» በተሰኘ የልጆች ልብ ወለድ ውስጥ ነው። መጽሐፉ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በወጣቶች ዘርፍ የመጨረሻ እጩዎች መካከል ገብቶ ነበር። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ መዝገበ ቃላት አጠገቡ ያስቀመጠ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በአንድ የእረፍት ሳምንት ይጨርሰዋል። «መንፈሳዊ ያልሆነ ልብ ወለድ ምን ይሠራልናል?» የሚል ወንድም ካለ፣ ጌታችን ራሱ ስለ ጠፋ ልጅና ስለ ተደበደበ መንገደኛ ታሪክ ፈጥሮ እንዳስተማረ አስታውሼው አልፋለሁ።

ሱዚ ሳይንስ የምትወድ፣ ወሬዋ የማያልቅ፣ ያነበበችውን ሁሉ ለሰው ካልነገረች የማይሆንላት ልጅ ነበረች። ከትንሽነቷ ጀምሮ የልብ ጓደኛዋ ፍራኒ ናት። ፍራኒ በበጋ ከእናቷ ጋር ወደ ሜሪላንድ የባሕር ዳርቻ ለእረፍት ትሄድና ሰጥማ ትሞታለች። ፍራኒ ደግሞ ጎበዝ ዋናተኛ ነበረች። የሱዚ እናት ልጇ «እንዴት?» ብላ ስትጠይቃት አንዳንድ ነገር እንዲያው ይሆናል የሚል መልስ ትሰጣታለች። ሱዚ ይህን መልስ አትቀበልም። ከዚያ በኋላ መናገር ታቆማለች። ልሳኗ ተዘግቶ አይደለም፤ ካሁን በኋላ አላስፈላጊ ቃል አላወጣም ብላ በገዛ ፈቃዷ ዝም ትላለች።

ከዚያ ክፍሏ የውኃ እንስሳት ወደሚታዩበት ማዕከል ለጉብኝት ይሄዳል፤ ሱዚም ከአንድ የጄሊፊሽ መስታወት ፊት ትቆማለች። ጄሊፊሽ ስሙ ዓሣ ቢያሰኘውም ዓሣ አይደለም። አጥንት የለውም፣ ልብ የለውም፣ አንጎል የለውም፤ ከአካሉ አብዛኛው ውኃ ነው። እንዲህም ሆኖ ወገኑ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ በባሕር ውስጥ እንደኖረ የዘርፉ አጥኚዎች ይናገራሉ። ሱዚ ያየችው ኢሩካንጂ የሚባለውን ነበር። አካሉ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ እንደ ጥፍር ትንሽ ነው። በውኃ ውስጥ ለማየት ያስቸግራል። ሲነድፍ ሕመሙ ለጊዜው ቀላል ነው፤ ሰውየው ልብም ላይለው ይችላል። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ግን ወገብ የሚቆርጥ ሕመም፣ ትውከት፣ የደም ግፊት መናር፣ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ «አሁን ልሞት ነው» የሚል ብርቱ ፍርሃት ይመጣል። ፍርሃቱ ከመርዙ የሚመጣ ምልክት ነው።

ይህ ልብ ወለድ አይደለም። በ1961 እ.ኤ.አ. ጃክ ባርንስ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ይህን በሽታ የሚያመጣው ይህች ትንሽ ፍጥረት መሆኗን ለማረጋገጥ ራሱን፣ የ9 ዓመት ወንድ ልጁንና አንድ የዋና ሕይወት አዳኝን አስነደፈ። ሦስቱም ሆስፒታል ገቡ፤ ሦስቱም ዳኑ። በኋላ እንስሳዋ በእርሱ ስም ካሩኪያ ባርንሲ ተባለች። እውነትን ለማወቅ ራስን መስጠት አንድ ነገር ነው፤ የ9 ዓመት ልጅን መስጠት ግን ሌላ ነው፤ እርሱ ለሌላ እትም የሚሆን ክርክር ነው። በኅብረታችሁ ብትከራከሩበት አይከፋኝም።

ሱዚ መስታወቱ ፊት ቆማ አንድ ሐሳብ ይመጣላታል። ፍራኒን የገደላት ይህ ቢሆንስ? የማይታይ፣ ድምፅ የሌለው፣ ነድፎ የሚሄድ። በዓለም ላይ በየዓመቱ 150 ሚሊዮን ያህል ሰው በጄሊፊሽ ይነደፋል የሚለውን ቁጥር ታነብባለች። የባሕር ሙቀት ስለጨመረ ጄሊፊሾች ወዳልነበሩበት እየሄዱ እንደሆነ ታነብባለች። ማስታወሻ ትይዛለች፤ ባለሙያዎችን ታወዳድራለች፤ በመጨረሻም በአውስትራሊያ ኬርንስ ከተማ ወደሚሠራ አንድ የጄሊፊሽ አጥኚ ለመብረር ገንዘብ ከቤተ ሰቧ ትሰርቃለች። መጽሐፉ ራሱ ሳይንስ መምህሯ ባስተማረቻቸው የምርምር ቅደም ተከተል ተከፋፍሏል፤ ዓላማ፣ መላምት፣ እያለ እስከ ውጤትና መደምደሚያ ይሄዳል። ሐዘኗን የምታውቀው ቋንቋ በዚህ ብቻ ስለሆነ በዚህ አለቀሰች ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ልጅቱን ለመገሠጽ አንቸኩል። ምክንያት መፈለግ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር የፈጠረው ዓለም ነገር ከነገር የሚያያዝበት ዓለም ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 25 ላይ ነገርን መመርመር ለነገሥታት ክብር መሆኑን ይናገራል። የሕክምና ዕውቀት የተገኘው አንድ ሰው የሌላውን ሰው ሞት «እንዲያው ሆነ» ብሎ ማለፍ ስላልቻለ ነው። ዛሬ ልጆቻችንን የምናስከትበው ኩፍኝ ስንቱን ቤት ባዶ አድርጎ እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቁ። ያን ጊዜ የነበረው መጽናኛ «ጌታ ሰጠ፣ ጌታ ነሣ» ብቻ ነበር፤ ቃሉም እውነት ነው፤ ነገር ግን ያንኑ ቃል እያመኑ «በምን ሞተ?» ብለው የጠየቁ ሰዎች በመኖራቸው ነው ብዙዎቻችን የተረፍነው።

እንግዲህ ችግሩ መጠየቁ ላይ አይደለም። ችግሩ ያለው መላምታችንን እንዴት እንደምንይዘው ላይ ነው።

ሁላችንም ለቅሶ ቤት መላምት ይዘን እንገባለን። «ዓይን ነው»፣ «ያቺ ጎረቤት ናት»፣ «አባቱ የሠራው ኃጢአት ልጁ ላይ ወጣ።» በአማኞች መካከል ደግሞ መላምቱ መንፈሳዊ ልብስ ይለብሳል፦ «ጸሎት ቤት መምጣት አቁማ ነበር እኮ።» እንዲህ የሚል ሰው ምርመራ አላደረገም፤ ማስረጃ አልሰበሰበም፤ ሐሳቡን ውድቅ ሊያደርግ የሚችል ነገር መኖሩንም አልጠየቀም። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ባዩ ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ያቀረቡት ጥያቄ ኃጢአተኛው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ የሚል ነበር። ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ጥያቄ ነው፤ ጌታም ሁለቱንም አልተቀበለም። በሉቃስ 13 ላይ ደግሞ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱ 18 ሰዎች ራሱ አንሥቶ፣ ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ሰዎች የባሱ በደለኞች ስለሆኑ እንዳልሞቱ ይናገራል። ልብ በሉ፣ እዚያ ቦታ ግንቡ ለምን እንደወደቀ አልገለጸም። መሠረቱ ደካማ ይሁን፣ ግንበኛው ይስነፍ፣ አልነገረንም። ጣቱን ከሟቾቹ ላይ አንሥቶ ወደ ሰሚዎቹ አዞረው፤ ንስሐ ግቡ አላቸው። ለስለስ ያለ ማጽናኛ አይደለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ክርስቲያን በሬሣ ሣጥን ፊት ቆሞ የሟቹን ኃጢአት እንዲቆጥር ፈቃድ የለውም።

ወደ ሱዚ እንመለስ። ሱዚ እንደ ለቅሶ ቤቱ ሐሜተኛ አይደለችም፤ ታነብባለች፣ ትመዘግባለች። ሆኖም ሳይንስን ብትወድም አንድ ነገር ላይ ለሳይንስ አልታመነችም። ሐሳቧን የሚደግፈውን ብቻ ሰበሰበች። ኢሩካንጂ በይበልጥ የሚታወቀው በሰሜን አውስትራሊያ ውኃ ነው፤ ፍራኒ የሞተችው በዓለም ሌላ ጫፍ፣ በአትላንቲክ ዳርቻ ነው። ጎበዝ ዋናተኛም ይሰምጣል፤ ማዕበል አለ፣ ወደ ውስጥ የሚስብ የውኃ ጅረት አለ። ይህን ሁሉ የማወቅ ችሎታ ነበራት። ለምን አልፈለገችውም?

የመጽሐፉ ልብ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህም ትንሽ ልቆይበት።

ሁለቱ ልጆች ከመለያየታቸው በፊት ፍራኒ ለሱዚ አንድ ነገር ብላት ነበር። እኔ እንደነዚያ ሰው እንደሚንቁት ልጆች ብሆን ምልክት ስጪኝ፣ ትልቅ ምልክት፣ የሚል ነበር ሐሳቡ። ጊዜው ሲደርስ ፍራኒ በእርግጥ ተለወጠች። አዳዲስ ጓደኞች ያዘች፤ ሱዚ አሳፋሪ ሆነችባት፤ ከሌሎቹም ጋር ሆና ደካሞችን መናቅ ጀመረች። ሱዚም ቃሏን ጠበቀች። የገዛ ሽንቷን በማቀዝቀዣ አድርቃ በትምህርት ማብቂያው ቀን በፍራኒ የዕቃ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ምልክቱ ይህ ነበር። ፍራኒን ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻት በዚያ ቀን ነው።

አሁን ጄሊፊሹ ለምን እንዳስፈለገ ይገባችኋል። ፍራኒ እንዲያው ከሞተች ለሱዚ የሚቀራት ያ ቀን ብቻ ነው። ጄሊፊሽ ከገደላት ግን ማረጋገጥ ያለበት ነገር አለ፣ መጻፍ ያለበት ነገር አለ፣ መሄድ ያለባት አገር አለ። ከጥፋት ስሜት ወደ ሥራ መሸሽ ይቻላል። ምርምሩ ከራሷ ይልቅ ሌላ ጥፋተኛ እንዲገኝላት የሚደረግ ክስ ሆነ። ተከሳሹም አንጎልና ልብ የሌለው፣ መልስ የማይሰጥ ፍጥረት ነው፤ እንዴት ያለ ምቹ ተከሳሽ!

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ዓይነት ዕዳ የተያዘ ሰው በመካከላችን አለ። ከወንድሙ ጋር ተኮራርፎ ሳለ ወንድሙ በመኪና አደጋ የሞተበት አለ። የአያቷን ስልክ «በኋላ እደውላለሁ» ብላ ያላነሣች፣ «በኋላ» ሳይመጣ የቀረባት አለች። ይቅርታ ለመጠየቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ሰውየው ከሌለስ? «በደሙ ተሰርዮልሃል» ማለት እውነት ነው፤ ግን ቶሎ ሲባል ሰውየው የተናገረውን እንዳልሰማነው ያስቆጥርብናል። እርሱ ስለ እግዚአብሔር ይቅርታ አልጠየቀም፤ ስለ ወንድሙ ነው የጠየቀው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጉዳይ አልረሳውም። በዘኍልቍ 5 ውስጥ ብዙዎቻችን በዓመት የንባብ ፕሮግራም ስንሮጥ የምናልፈው ትንሽ ሕግ አለ። ባልንጀራውን የበደለ ሰው ኃጢአቱን ይናዘዛል፣ የበደለበትን ይመልሳል፣ አምስተኛ እጅም ይጨምርበታል። ከዚያ ሕጉ አንድ አስቸጋሪ ሁኔታ ያነሣል፦ ካሣውን የሚቀበል የቅርብ ዘመድ ባይገኝስ? ያን ጊዜ የሚመለሰው ለእግዚአብሔር ይሆናል፤ ለካህኑም ይሰጣል። የማስተስረያው በግ ደግሞ ለብቻው ነው። ይኸውም፣ ተቀባይ በመጥፋቱ ዕዳው አልተሰረዘም፤ ዕዳው ስላለም ሰውየው ተንጠልጥሎ እንዲቀር አልተደረገም። እግዚአብሔር «ለእኔ ስጠው» አለ። ሙሴ ስለ ገንዘብና ስለ ንብረት ነው የተናገረው፤ እኔ ግን ስለ ክፉ ቃልም፣ ስላልተነሣ ስልክም የሚሠራ ይመስለኛል። ለሞተው መመለስ ያልቻላችሁትን ለእግዚአብሔር ትመልሳላችሁ፤ እርሱም እንደ ልማዱ ወደ አንድ ሰው ይልካችኋል።

ወደ ማን? ይህ ቀላል አይደለም። የፍራኒ እናት በሕይወት አለች። ሱዚ ሄዳ «በመጨረሻው ቀን በልጅሽ ሣጥን ውስጥ ሽንት አስቀምጬባታለሁ» ትበላት? አንዳንዶቻችሁ «አዎን፣ መናዘዝ አለባት» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔ አልልም። እንዲህ ያለ ኑዛዜ የልጅቱን ሸክም አውርዶ በሐዘንተኛ እናት ትከሻ ላይ ይጭነዋል። እናትየዋ እስከ ዕለተ ሞቷ ልጇ በዚያ ቀን እያፈረችና እያለቀሰች እንደ ነበረ ታስባለች። እውነት ሁልጊዜ መካድ የለበትም፤ ነገር ግን እውነት ሁሉ ለሁሉ ሰው መድኃኒት አይደለም። እናት ጠይቃ ቢሆን መዋሸት አይገባም። ካልጠየቀች፣ ኑዛዜው እናቷ ወይም አስተማሪዋ ፊት፣ ሊሸከሙት የሚችሉ ሰዎች ፊት ይሁን። ለፍራኒ እናት ደግሞ ሌላ እውነት ትውሰድላት፦ ልጇ በአምስት ዓመቷ ምን ያስቃት እንደነበር፣ ምን ትወድ እንደነበር። ያንን ከሱዚ በቀር የሚነግራት የለም። በዚህ ከእኔ ጋር ላትስማሙ ትችላላችሁ፤ ኅብረታችሁ ውስጥ ክርክር ቢነሣበት ደስ ይለኛል።

ሱዚ አውስትራሊያ አልደረሰችም። ጉዞዋ ከአውሮፕላን ማረፊያው አላለፈም። መላምቷም አልተረጋገጠም። ጥሩ የሳይንስ ተማሪ የሚለየው እዚህ ነው፤ ውጤቱ ከሐሳቡ ጋር ሳይስማማ ሲቀር ውጤቱን አይደብቅም፣ «አልሆነም» ብሎ ይጽፈዋል። «አልሆነም» ብሎ መጻፍ ከትዕቢት የሚፈውስ ነገር ነው፤ ከላቦራቶሪ ውጭም ቢለመድ ቤተ ክርስቲያን ይጠቅማታል። ሱዚ እናቷ መጀመሪያ የነገረቻትን፣ ያን ጊዜ ልትሸከመው ያልቻለችውን መልስ፣ በራሷ መንገድ ዞራ ደረሰችበት። መልሱ ያው ነው፤ ልዩነቱ አሁን የተሰጣት ሳይሆን የደረሰችበት መሆኑ ነው።

እናቷ ተሳስታ ነበር? በቃሏ አልተሳሳተችም። በሰዓቱ ይመስለኛል። በእኛም አገር ለልጅ ሞትን የምንነግርበት መንገድ ያሳስበኛል። መርዶ ለአዋቂ ሲነገር ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰዓት ይመረጣል፣ ሰውየው ቢወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ለልጅ ግን ይህ ሁሉ የለም። ጎረቤት ቤት ይላካል፤ «እናትህ ሩቅ አገር ሄደች» ይባላል፤ ከድንኳኑ ንፍሮ ይመጣለታል። ልጁ ግን ያውቃል። እንደሚያውቅ እንዳናውቅበት ዝም ይላል። ከዚያ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ አላስቸገረንም» እንላለን።

ማርታና ማርያም ወንድማቸው በሞተ ጊዜ ሁለቱም በየተራ ለጌታ የተናገሩት ነገር አንድ ነው፦ አንተ እዚህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተ ነበር። የሐዘንተኛ ሁሉ መላምት ነው፤ «ቢሆን ኖሮ» የሚል። ጌታ ሁለቱንም አልገሠጸም። ለማርታ ስለ ትንሣኤ ተናገራት። ለማርያም ግን ያንኑ ቃል ስትናገር ትምህርት አልሰጣትም፤ መቃብሩ የት እንደሆነ ጠየቀ፣ አለቀሰም። ለአንዱ ጥያቄ ሁለት መልስ፣ እንደ ጠያቂዋ። ማርታን ማርያም አድርገን፣ ማርያምን ማርታ አድርገን ስንት ሰው እንዳቆሰልን ሳስብ ለቅሶ ቤት መግባት ያስፈራኛል። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ መጀመሪያ ያደረጉት መልካም ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀመጡ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

በሱዚ ትምህርት ቤት ጀስቲን የሚባል ልጅ አለ። ሳይንስ ክፍል ውስጥ አብሯት እንዲሠራ የተመደበ፣ መቀመጫው ላይ መርጋት የሚያቅተው፣ ክፍሉ ከቁም ነገር የማይቆጥረው ልጅ ነው። እርሷ አትመልስለትም፤ እርሱ ግን ያወራታል። ዝምታዋን እንደ ስድብ አይቆጥረውም፤ «ምን ሆንሽ?» እያለም አያስጨንቃትም። በሰንበት ትምህርት ክፍላችሁ፣ በመዘምራን መካከል፣ ዘንድሮ ቤታቸው ድንኳን ተተክሎ የነበረ ልጆች አሉ። አርባ ቀኑ ካለፈ በኋላ ማን አጠገባቸው እንደሚቀመጥ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባችሁ ላይ ከሌሎቹ ርእሶች በፊት አንሡት።